በጭንቅ ቀን አንድ ቻናል ይበቃል

መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን እንቁጣጣሽን በሚያከብሩበት ዕለት፣ በተጠለፈ አውሮፕላን በተመታው የኒውዮርክ የዓለም ንግድ ማዕከል ሰሜናዊ ሕንፃ መግቢያ አዳራሽ ውስጥ የእሳት አደጋ አዛዦች አንድ የሬዲዮ መቆጣጠሪያ ይሞክሩ ነበር። መቆጣጠሪያው ሪፒተር የሚባለው መሣሪያ የሚታዘዝበት ነው። ሪፒተር በእጅ ከሚያዝ ሬዲዮ የሚወጣውን ደካማ ሞገድ ተቀብሎ በከፍተኛ ኃይል መልሶ ያሰራጫል። 110 ፎቅ ባለው ሕንፃ ውስጥ ያለ እሱ ላይ የወጣውና ታች የቀረው መደማመጥ ይቸግራቸዋል። መሣሪያው እዚያ የተተከለውም እ.ኤ.አ. በ1993 በዚያው ማዕከል ቦምብ ሲፈነዳ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በሬዲዮ ለመገናኘት ተቸግረው ስለነበር ነው።

መቆጣጠሪያው ሙሉ ለሙሉ እንዲሠራ ሁለት ቁልፎች መጫን ነበረባቸው። አንደኛው ተጭኗል፤ ማን እንደተጫነው ግን በግልጽ አልታወቀም። ሁለተኛው አልተጫነም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ላይ አንድ አዛዥ በመቆጣጠሪያው መነጋገሪያ ሲናገር ድምፁ አልወጣም፤ ሌላው አዛዥ በእጅ ሬዲዮው ሲጠራውም አልሰማም። ስለዚህ ሪፒተሩ አይሠራም ብለው ተዉት። ሪፒተሩ ግን ይሠራ ነበር። ጎን ባለው ደቡባዊ ሕንፃ አዛዥ ኦሪዮ ፓልመር በዚያው ቻናል እየተነጋገረ እስከ 78ኛው ፎቅ ወጥቷል፤ ድምፁም ተቀርጾ ቀርቷል። አደጋውን ያጣራው ኮሚሽን ይህን ሁሉ በሪፖርቱ በዝርዝር አስፍሮታል።

በዚያ ቀን 343 የኒውዮርክ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። የሁሉንም ሞት በአንድ ቁልፍ ማሳበብ ፍትሐዊ አይደለም፤ ኮሚሽኑም እንዲህ አላለም። ቻናሉ ከመጠን በላይ ተጨናንቆ ነበር፤ ሌላ ቻናል ላይ የነበሩ ነበሩ፤ ከዕረፍታቸው ሮጠው ሬዲዮ ሳይዙ የገቡም ነበሩ። ሆኖም በሙያው ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰዎች፣ ለእነሱ በተተከለ መሣሪያ ፊት ቆመው፣ በጭስና በጩኸት መካከል ሁለተኛውን ቁልፍ ካላስተዋሉ፣ በሕይወቱ የመገናኛ ሬዲዮ ይዞ የማያውቅ የቤተሰብ አባት ወይም የዕድር ጸሐፊ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የዚህ ጸሐፊ አቋም ግልጽ ነው። ለአደጋ ቀን የሚዘጋጅ የሬዲዮ ዕቅድ በቤቱ ውስጥ ያለችው የመጨረሻዋ ሰው፣ አያትም ትሁን የ10 ዓመት ልጅ፣ መመሪያ ሳታነብ ልትፈጽመው የምትችለው መሆን አለበት። ከዚያ ያለፈ ነገር ሁሉ በሰላሙ ቀን ያምራል፣ በክፉው ቀን ያደናቅፋል።

የእጅ ሬዲዮ ከስልክ የሚለየው በአንድ መሠረታዊ ነገር ነው፤ ሲናገሩበት አይሰማም። ቁልፉን የተጫነ ሰው ጆሮው ተደፍኗል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ከተጫኑ ደግሞ ሁለቱም ሞገዶች ይጋጩና ለሦስተኛው ሰው የሁለቱም ንግግር በደንብ አይደርሰውም። ይህ ትንሽ ጉዳይ የሚመስለው ሰው ካለ የቴነሪፍን ታሪክ ያስታውስ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በካናሪ ደሴቶች፣ ጉም በሸፈነው የሎስ ሮዴዮስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የኬ.ኤል.ኤም. ቦይንግ 747 ለመነሳት መንደርደር ጀመረ። የመቆጣጠሪያ ማማው ባለሙያ በመጀመሪያ “እሺ” አለ፤ ቀጥሎም ለመነሳት እንዲጠብቅና እንደሚጠራው ነገረው። በዚያው ቅጽበት የፓን አም አውሮፕላን አብራሪዎች ገና ማኮብኮቢያው ላይ እንደሆኑ ለማሳወቅ ቁልፋቸውን ተጫኑ። ሁለቱ መልእክቶች ተጋጩ። የኬ.ኤል.ኤም. አብራሪዎች ከ“እሺ” በኋላ በደንብ የደረሳቸው የሦስት ሰከንድ ያህል ፉጨት ነበር። 583 ሰዎች ሞቱ።

ከዚያ በኋላ የአቪዬሽኑ ዓለም የወሰደው እርምጃ ትምህርት ሰጪ ነው። የበለጠ ውስብስብ ቋንቋ አላመጣም፤ ያለውን አጠበበው። መነሳትን የሚመለከተው ቃል ፈቃዱ በሚሰጥበት ወይም በሚሰረዝበት ጊዜ ብቻ እንዲነገር፣ በሌላ ጊዜ ሌላ ቃል እንዲተካው ተደረገ። አብራሪውም ዝም ብሎ “እሺ” ከማለት ይልቅ የተሰጠውን ትእዛዝ መልሶ እንዲናገር ተጠየቀ። አንድ ሰው ይናገራል፣ ሌላው ይደግመዋል፣ ከዚያ ሥራው ይቀጥላል። ይህ ሥርዓት ከአውሮፕላን ማረፊያ ውጪም ምንም ሳይለወጥ ያገለግላል። “እናቴን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ውሰዳት” የተባለ ሰው “ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እወስዳታለሁ” ብሎ መመለስ ምን ይከብደዋል?

የኮድ ነገርም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ ፊልሞች ፖሊሶች በ“10” የሚጀምሩ ቁጥሮች ሲለዋወጡ ያላየ የለም። ልማዱ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ከኢሊኖይ ግዛት ፖሊስ ነው የተነሳው፤ ሲጀመርም በቂ ምክንያት ነበረው። የዚያን ጊዜው የመኪና ሬዲዮ ሙሉ ኃይሉን እስኪያገኝ ቅጽበት ይወስድበት ስለነበር የንግግሩ መጀመሪያ ይቆረጣል፤ “10” የምትለዋ ቀዳሚ ድምፅ ብትጠፋም ጉዳት የላትም። ችግሩ የመጣው እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ትርጉም ሲሰጥ ነው። በአንዱ መሥሪያ ቤት አንድ ነገር የሚያመለክተው ቁጥር በጎረቤቱ መሥሪያ ቤት ሌላ ነገር ሆነ፤ ትልቅ አደጋ ደርሶ ብዙ ቡድኖች አንድ ላይ ሲገቡ መግባባት ጠፋ። በመጨረሻ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2006 በጀት ዓመት ጀምሮ፣ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች በጋራ በሚሰማሩበት አደጋ በግልጽ ቋንቋ የማይነጋገር አካል ለአደጋ ዝግጁነት የሚሰጠውን የፌዴራል ድጎማ እንዳያገኝ ወሰነ። ከ60 ዓመት በላይ የዘለቀ ልማድ ቢያንስ በጋራ ሥራ ላይ እንዲቀር የተፈለገው ተራ ንግግር ስለሚበልጥ ነው።

ከዚያ አሮጌ ልማድ ግን አንድ ነገር ዛሬም ይጠቅማል። ቁልፉን ከተጫኑ በኋላ አንድ ሰከንድ ታግሶ መናገር። የዛሬዎቹ ሬዲዮኖችና ሪፒተሮችም ለመንቃት ቅጽበት ስለሚፈልጉ፣ የቸኮለ ሰው “አትሂዱ” ሲል “ሂዱ” ተብሎ ሊሰማ ይችላል።

ይህ ጉዳይ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 29 ቀን 2012 ሌሊት ዴሬቾ የሚባል ብርቱ ነፋስ ያለው የነጎድጓድ ማዕበል ከአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ ተነስቶ እስከ ምሥራቁ ጠረፍ ጠረገ። በአርሊንግተንና በፌርፋክስ በሚገኙ ሁለት የስልክ ኩባንያ ማዕከላት መብራት ሲጠፋ ተጠባባቂ ጄኔሬተሮች መነሳት ነበረባቸው፤ በእያንዳንዱ ማዕከል አንዱ ጄኔሬተር አልነሳም አለ። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በኋላ እንዳጣራው፣ በማዕበሉ ሳቢያ በስድስት ግዛቶች 77 የ911 ጥሪ ማዕከላት የኔትወርክ ግንኙነታቸው በከፊል ወይም በሙሉ ተቋርጧል። ከእነዚህ 17ቱ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ያሉትን ጨምሮ፣ ጭራሹን ዝም አሉ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች 911 ቢደውሉ የሚያነሳላቸው አልነበረም። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተንና ፌርፋክስ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባቸው አካባቢዎች ናቸው። በዚያች ሌሊት የተፈተነው ዛፍ የወደቀበት ቤት ብቻ አልነበረም፤ ስልኬ አለ ብሎ የተኛ ሰው ሁሉ ነው።

እንዲህ ያለው ሌሊት ሲያልፍ ብዙ ሰው ወደ ገበያ ይሮጥና ጥንድ ሬዲዮ ይገዛል። እዚህ ላይ ነው ቆም ብሎ ማየት የሚያስፈልገው።

አሜሪካ ውስጥ ያለ ፈቃድ ከሚሠሩት መካከል ኤፍ.አር.ኤስ. የሚባሉት የቤተሰብ ሬዲዮኖች ይገኛሉ። 22 ቻናል አላቸው፤ ጉልበታቸው በቻናሉ ዓይነት ግማሽ ወይም ሁለት ዋት ነው። ይህ ለሰፈር ይበቃል። ነገር ግን ሻጩ 22 ቁጥር ትንሽ መስሎ ስለታየው “የግል ኮድ” የሚባል ነገር ጨምሮበታል፤ በአንዳንዱ 38፣ በአንዳንዱ ከ100 በላይ። ካርቶኑ ላይም ቻናሎቹ በኮዶቹ ተባዝተው ሺህ መነጋገሪያ ያለው ይመስላል። ኮዱ ግን ንግግርን የግል አያደርግም። የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ኮድ ያልያዘ ድምፅ ሲመጣ የተቀባዩን ድምፅ ማጉያ ይዘጋል። ኮዱን ያጠፋ ማንኛውም ጎረቤት ሁሉንም ይሰማል። ኮዱን ያበራው ሰው ግን ራሱን ደንቆሮ አድርጓል።

ውጤቱን እንመልከት። አባት የሳሎኑን ሬዲዮ ቻናል 3፣ ኮድ 7 ላይ አደረገው። ልጁ የመኪናውን ሬዲዮ ሲያበራ ቻናል 3፣ ኮድ 8 ላይ ወደቀ። የሁለቱም መስኮት “3” የሚለውን ቁጥር በትልቁ ያሳያል፤ ኮዱ በጎን በትንሹ ተጽፏል። ሁለቱ በአንድ ሞገድ ላይ እየጮሁ አይደማመጡም። እያንዳንዳቸው የሌላው ባትሪ ያለቀ ወይም የባሰ ነገር የደረሰ ይመስላቸዋል። ከማንም ሚስጥር ያልሸሸገ ኮድ አባትን ከልጁ ለየ። መፍትሔው ደግሞ ነጻ ነው፤ በሁሉም ሬዲዮ ኮዱን ዜሮ ማድረግ፣ ቁልፎቹን መቆለፍ፣ የቻናሉን ቁጥር በወረቀት ፕላስተር ጽፎ ጀርባው ላይ መለጠፍ።

ርካሾቹ የቻይና ሬዲዮኖችም በየኢንተርኔቱ ስለሚወደሱ አንድ ነገር መባል አለበት። ዋጋቸው ማራኪ ነው፤ ነገር ግን ወደ 40 የሚጠጋ የምርጫ ዝርዝር አላቸው፤ አሜሪካ ውስጥ ለማስተላለፍም ብዙ ጊዜ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄ ሲሆን 26ቱን የመለሰ ያልፋል፤ ፍላጎቱ ያለው ወጣት በጥቂት ሳምንት ጥናት ይወጣዋል፤ ቢወጣውም መልካም ነው። ለመላው ቤተሰብ ግን ጂ.ኤም.አር.ኤስ. የሚባለው ፈቃድ ይሻላል። ፈተና የለውም፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ዋጋው 35 ዶላር ነው፤ 10 ዓመት ያገለግላል። ከሁሉም የሚያስደስተው ግን አንድ ሰው ያወጣው ፈቃድ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጆች፣ ለወላጆች፣ ለአያቶች፣ ለእህትና ወንድም፣ ለአጎትና አክስት፣ ለአማቾችም ጭምር መሥራቱ ነው። ቤተሰብን በሰፊው የሚቆጥር ሕዝብ እንዲህ የሚስማማውን ሕግ ብዙ ጊዜ አያገኝም።

ስለ ርቀት ካርቶኑ የሚለውን ማመን አይገባም። 35 ማይል የሚለው ቁጥር በሁለት የተራራ ጫፎች መካከል፣ ምንም ሳይጋርድ ነው። በከተማ ውስጥ፣ ቤትና ዛፍ መካከል፣ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር ከሄደ ጥሩ ነው። ዋትን ከመጨመር ይልቅ ከፍታ ላይ መቆም ይበልጣል፤ ከምድር ቤት የሚጣራ ሰው ወደ ላይኛው ፎቅ መስኮት ቢወጣ ድምፁ እጥፍ መንገድ ሊሄድ ይችላል።

ቻናሉ ከተወሰነ ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ መቼ ይደመጥ የሚለው ነው። ሬዲዮን ቀን ከሌት ክፍት መተው ባትሪ ይጨርሳል፤ መዝጋት ደግሞ ጥሪ ያሳልፋል። የባሕር ሰዎች ይህንን በታይታኒክ መሥዋዕትነት ተምረውታል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 14 ቀን 1912 ሌሊት በአቅራቢያው የነበረው ካሊፎርኒያን መርከብ አንድ የሬዲዮ ሠራተኛ ብቻ ነበረው፤ ታይታኒክ ከበረዶው ጋር ከመጋጨቱ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ መሣሪያውን ዘግቶ ተኛ። በኋላ በሠፈነው ሥርዓት በዓለም ያሉ የመርከብ ሬዲዮኖች በየሰዓቱ፣ 15ኛውና 45ኛው ደቂቃ ላይ፣ ለሦስት ደቂቃ ዝም ብለው የጭንቅ ጥሪ ብቻ እንዲያዳምጡ ሆነ። በመርከቦቹ የሬዲዮ ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓትም እነዚህ ደቂቃዎች በቀለም ተቀብተውበት ነበር።

የዛሬዎቹ የአደጋ ዝግጁነት ወዳጆች ይህንን ለቤት አመቻችተው በሦስት ቁጥር አስረውታል፤ በየሦስት ሰዓቱ፣ ለሦስት ደቂቃ፣ ቻናል 3 ላይ ማዳመጥ። ባትሪው ለቀናት ይቆያል፤ የሚታወስ ነገር አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ይህ አሠራር ሌላም በረከት አለው። እናት “በሦስት ሰዓት እንገናኝ” ስትል በሐበሻ ሰዓት ጠዋት 3 ማለቷ ነው፤ አሜሪካ የተወለደው ልጇ ደግሞ ከሰዓት በኋላ 3 ብሎ ይረዳል። በሰላም ጊዜ ይህ ሳቅ ይፈጥራል፤ በአደጋ ጊዜ ግን የስድስት ሰዓት ዝምታ ነው። መደመጫው በየሦስት ሰዓቱ ከሆነ ግን ግራ መጋባቱ ከሥሩ ይጠፋል፤ በሐበሻም ሆነ በፈረንጅ አቆጣጠር ሰዓቶቹ ያው 3፣ 6፣ 9 እና 12 ናቸው። አያትም በሰዓቷ፣ የልጅ ልጅም በሰዓቱ፣ ሳይተራረሙ በአንድ ደቂቃ ቻናሉ ላይ ይገናኛሉ።

ስለ አነጋገር ደግሞ አንድ ከባድ ነገር አለ። አማርኛ ሰላምታ ይወዳል፤ ጤና፣ ልጆች፣ ቤት፣ ሥራ ሁሉ ይጠየቃል። በሬዲዮ ግን ያ ሰላምታ በሚቆይበት ጊዜ ማንም ሌላ ሰው መናገር አይችልም፤ ደም የሚፈሰው ሰው ቢኖርም ተራ ይጠብቃል። ስለዚህ የሚጠራውን ሰው ስም፣ ቀጥሎ የራስን ስም፣ ከዚያ የት እንዳሉ፣ ምን እንደደረሰና ምን እንደሚያስፈልግ መናገርና ጣትን ማንሳት። ታላላቆችን ማክበር የሚቀር አይደለም፤ “እማማ” ለማለት ግማሽ ሰከንድ ይበቃል። ሰላምታው ስልክ ሲመለስ በሰፊው ይደርሳል።

ብዙ ሰው በአንድ ቻናል ላይ ሲሆን ደግሞ አስተናባሪ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. መስከረም 2024 ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ምዕራብ ሰሜን ካሮላይናን ሲያጥለቀልቅ መንገድ፣ መብራት፣ ውሃና ስልክ በአንድ ላይ ጠፉ። ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ ከፍተኛ በሆነው፣ 2,037 ሜትር ባለው ሚቸል ተራራ ላይ የነበረው የአማተር ሬዲዮ ሪፒተር ግን በሥራ ላይ ቆየ። በበጎ ፈቃድ የሚያስተናብሩ ሰዎች ቻናሉን ይዘው አንድ በአንድ እየጠሩ፣ ዘመዱን የሚፈልገውን፣ መድኃኒት ያለቀበትን፣ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ የሚያውቀውን ለቀናት አገናኙ። ፈቃድ የሌላቸው ሰዎችም በርካሽ ሬዲዮ እያዳመጡ የመንገዱንና የውሃውን ወሬ ያገኙ ነበር፤ ለማዳመጥ ፈቃድ አያስፈልግም። አካባቢው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሞገድ ነበረ፤ የሠራውም ስለዚህ ነው። በአገር ቤት የዕድር ጡሩንባ ሌሊት ሲነፋ መንደሩ ሁሉ ያለ ማብራሪያ ተነስቶ እንደሚወጣው ነው፤ ድምፁ አንድ ነው፣ ትርጉሙም የታወቀ ነው።

የሳተላይት ስልክ በመጣበት ዘመን ይህ ሁሉ ለምን የሚል ሰው ይኖራል። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ አንዳንድ ዘመናዊ ስልኮች ኔትወርክ በሌለበት የአደጋ መልእክት በሳተላይት መላክ ይችላሉ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ያለው ይጠቀምበት። ነገር ግን ሰማይ በሚታይበት ቦታ መቆምን፣ የተሞላ ባትሪንና ስልኩን በደንብ የሚያውቅ ሰውን ይፈልጋል። ሦስት ቤት አልፋ የምትኖር አሮጊት ኦክስጅኗ አልቆ እንደሆነ ለማወቅ ሳተላይት አያስፈልግም። የከተማ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ወይም ትልቅ ሆስፒታል ውስብስብ ኔትወርክ ቢኖረው ተገቢ ነው፤ እነሱም ቢሆኑ ያ ሲወድቅ ሁሉም ሠራተኛ በጨለማ ሊያገኘው የሚችል አንድ ቀላል ቻናል ከሌላቸው ዝግጁ ናቸው ማለት ያስቸግራል።

በኢትዮጵያ ሁኔታው የተለየ ነው። የመገናኛ ሬዲዮ ፈቃድ የሚጠይቅ ዕቃ ስለሆነ፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞ ለመግባት ማሰብ የለበትም። የአማተር ሬዲዮ በአገሪቱ ሥር አለው፤ በአዲስ አበባ 5 ኪሎ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ኢቲ3ኤኤ በሚል መጠሪያ የሚሠራ የክበብ ጣቢያ አለ። ሬዲዮን ለሁሉም ከመክፈት ጋር የሚነሳው የጸጥታ ስጋት እውነተኛ ነው፤ ይህንን መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የአውሮፓን ልምድ ቢመረምር መልካም ነው። እዚያ ፒ.ኤም.አር. 446 የሚባሉት 16 ቻናሎች ከግማሽ ዋት በማይበልጥ ኃይል ለማንም ክፍት ናቸው። የጣሊያን ተራራ ወጪዎችም በራሳቸው ተነሳሽነት ከእነዚህ አንዱን፣ ቻናል 8ን፣ በኮድ 16 የጋራቸው አድርገውታል፤ ኮድ ቢጠቀሙም ለሁሉም አንድ ነው። የመሬት መንሸራተትና የመሬት መንቀጥቀጥ በሚያሰጋቸው ወረዳዎች ለጤና ኬላ፣ ለትምህርት ቤትና ለቀበሌ እንዲህ ያለ አነስተኛ ኃይል ያለው የተመዘገበ ቻናል መፍቀድ ቁጥጥርን አያላላም፤ እንዲያውም ማን የት እንደሚነጋገር ይታወቃል።

ውጭ አገር ያሉት ግን የሚጠብቁት አዋጅ የለም። አንድ ዕድር ወይም የጽዋ ማኅበር ቻናሉን በአንድ ስብሰባ መወሰን ይችላል። ሬዲዮ ሲመረጥ ከእጅ ባትሪው ጋር አንድ ዓይነት ድንጋይ የሚወስደው ይመረጥ፤ ድንጋዮቹም ከውስጡ ወጥተው አጠገቡ ይቀመጡ፤ ለዓመት የተተወ ድንጋይ ፈሶ ሬዲዮኑን ያበላሻል። በወር አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ ከእሁድ ቅዳሴ በኋላ በ6 ሰዓት፣ ሁሉም ከየቤቱ ለሦስት ደቂቃ ከፍቶ ስሙን ይጥራ፤ አስተናባሪውም ማን እንደተሰማና ማን እንዳልተሰማ ይመዝግብ። ያልተሰማው ቤት ዘንድ በዚያው ሳምንት አንድ ወጣት ሄዶ ኮዱ ዜሮ መሆኑን፣ ድንጋዩ መኖሩንና ሬዲዮኑ የሚያዝበት መስኮት የትኛው እንደሆነ ያያል። ከዚያ በሚቀጥለው ወር እንደገና ይጠራል።